ከተዝካሩ የተረፈ ሰው

ባሌ ሳይሞት ተዝካሩን አውጥቷል። ከበላተኛው ጋር ተቀምጦም በልቷል። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ እኔም መጀመሪያ ሲነግረኝ ስቄያለሁ። ሳቄ ያለቀው በጎቹ ሲመጡ ነው።

እኔ ሞላሌ ላይ ፊደል ሳስቆጥር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። እሱ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር፤ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ድረስ ያለውን መንገድ፣ ጭጋግ ቢውጠው እንኳ፣ የት እንደደረሰ በጎማው ድምፅ ያውቃል። ልጅ አልሰጠንም። ብዙ አልቅሰን፣ ብዙ ስለት ተስለን፣ በኋላ ዝም አልን። ሁለት ትንንሽ ጡረታ ይዘን፣ እየተነታረክን መኖርን ለመድነው።

እግሩ ማበጥ የጀመረው ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። ከገበያ ሲመለስ በየመንገዱ ይቆምና ትንፋሹን ይሰበስባል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ነበርንና ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፌ ደብረ ብርሃን ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳው። “አባባ፣ ልብዎ ደክሟል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ግን ገና ይኖራሉ” አለው። እሱ የሰማው የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ “ሰማሽ አይደል? ሞተሩ ነክሷል። ሞተሩ ለነከሰ መኪና ነዳጅ አይገዛም” አለኝ። ዝም በል አልኩት። ዝም አለ፤ ነገሩን ግን በሆዱ ያዘው።

ልጅ የሌለው ሰው ተዝካሩን ማን ያወጣለታል? እኛ አገር ይህ ጥያቄ ከሞቱ ይበልጥ ያስፈራል። ስሙን የሚጠራለት፣ ድሀ ሰብስቦ “ነፍስ ይማር” የሚያሰኝለት ከሌለ ነፍሱ መንገድ ላይ የምትቀር ይመስለዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ወራሽ የሌለው ሰው በቁሙ፣ በዓይኑ እያየ ተዝካሩን ያወጣል። ጥምቀት እንዳለፈ እሱም አወጣለሁ አለ።

“እኔ እያለሁልህ?” አልኩት እየሳቅኩ።

“አንቺማ ታወጪልኝ ነበር። ግን በምን አቅምሽ? ያለሽን በኔ መድኃኒት ትጨርሺዋለሽ።”

የነፍስ አባታችን ሲሰሙ ተቆጡ። “ለቁም ሰው ፍትሐት አልፈታም! ጸሎት አደርሳለሁ፣ ማዕዱን እባርካለሁ፣ ከዚያ አላልፍም” አሉት። “ይበቃኛል አባ” አለ።

በጎቹ የእኔ ነበሩ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ጓሳ ዳር ለሚኖር ገበሬ ለርቢ የሰጠናቸው ናቸው፤ እሱ ያረባል፣ ግልገሉን እኩል እንካፈላለን። ለክፉ ቀን ብዬ የያዝኳቸው ነበሩ። መድን ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቃል አለች፤ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመህ “ይሄኛው አልቋል፣ ከውጭ ግዙ” ትባላለህ። በጎቹን ያስቀመጥኳቸው ለዚያች ቃል ነበር። ያን ሰሞን ገበሬው እየነዳ አመጣቸውና ግቢያችን ውስጥ ታረዱ።

ድንኳን ተተከለ። ካህናቱ፣ ነዳያኑ፣ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ መጣ። እሱ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ “ብሉ፣ ጠጡ፣ ነፍስ ይማር በሉ” ይላል። የሟች ልብስ ለድሀ እንደሚሰጠው ሁሉ ልብሱን አከፋፈለ። ከሥራ ሲሰናበት የተሰጠችውን ሰማያዊ ካፖርት ለሰፈራችን እንጨት ፈላጭ አለበሳት። አጥር የምትጋራን ጎረቤቴ ጠላው ሞቅ ቢያደርጋት ጊዜ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ “ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ እኮ ደግ ሰው ነበሩ!” አለች። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። 

“አሜን” አላት።

ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ፣ “ነፍሳቸውን ይማርና ጋሼ እንዴት አደሩ?” ትላለች፤ እሱ ከበረንዳው ላይ “አሜን! ደህና አድረናል” ይላል። የሁለቱ ቀልድ ሆነ። እኔን ቀልዱ ያመኝ ነበር።

ለምን አያመኝ! ከዚያ በኋላ የምኖረው ከሞተ ሰው ጋር ነው። ሬዲዮኑ ላይ እየጮኸ ዜና ይሰማ የነበረ ሰው ሬዲዮኑን ማብራት ተወ። ጣሪያው በማዕዘኑ ያፈስሳል፤ “ለማን ብዬ ነው የምጠግነው?” ይላል። ስለራሱ ሲያወራ “እኔ በነበርኩ ጊዜ ይህ መንገድ እንዲህ አልተቦረቦረም” ይላል። ኪኒኑን የሚውጠው እኔ ፊቱ ተገትሬ ካየሁት ብቻ ነው። ምሳ ሳቀርብለት ቀና ይልና ያያል፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የቆመ ሰው ይመስለኛል። ስንት ጊዜ ዘወር ብዬ አይቻለሁ። ማንም የለም።

አንድ የገበያ ቀን ገብስ ተራ ቆሜ ሳለሁ ባሌ ከፊቴ አለፈ። ጀርባው ነው፣ ትከሻው ነው፣ ክርኑ ላይ ያለችው እራፊም እኔ የጣፍኳት ናት። “አንተ ሰው! በዚህ ብርድ ማን ውጣ አለህ?” ብዬ ጮህኩ። ዞሮ ሲያየኝ እንጨት ፈላጩ ነው።

“ምነው እትዬ?” አለኝ ደንግጦ።

ምን እለዋለሁ? “ምንም። ካፖርቷን አደራ፣ በሙቅ ውኃ እንዳታጥባት” አልኩት። ቤት ስደርስ እሱ በረንዳው ላይ በጋቢው ተጠቅልሎ እንደተወኩት ተቀምጧል፤ ያለ ምክንያት ጮህኩበት። ካፖርቷ ዛሬም በገበያው መሐል ታልፋለች። ዛሬም ባየኋት ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል።

የጤና መድኑ እድሳት የሚሰበሰበው እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ አለፈ፤ እስከሚመጣው ዓመት መጠበቅ ነው። ሰብሳቢዋ በየቤቱ ትዞራለች፣ እኛ ሰፈር የምትደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ነው። እኔም መዋጮውን ለይቼ ሙዳዬ ውስጥ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ “መጣች ወይ?” እለዋለሁ። “ወደዚህ ማን ይመጣል!” ይላል። መጋቢት ሲገባ አላስችል ቢለኝ ቀበሌ ሄድኩ። ምዝገባው ተዘግቷል። ሰብሳቢዋ ያን ዓመት አዲስ የተመደበች ልጅ ናት፤ ቤቴ የት እንደሆነ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

“እትዬ፣ ሐዘን ላይ ናችሁ ብዬ እኮ ነው!” አለችኝ። “ተዝካር ሲበላ አየሁ። የሐዘን ቤት ደፍሬ እንዴት ገንዘብ ልጠይቅ? ቆይቼ ደግሞ መጣሁ። አንድ አባት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሟች ወንድም መሰሉኝ። ‘እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እትዬ ሲበረቱ እመለሳለሁ’ አልኳቸው። ከዚያ ወደ ቆላው ላኩኝና ሳልመለስ ቀረሁ።”

“እሱ ምን አለሽ?”

“አሜን አሉኝ።”

ልጅቷን ምን እላታለሁ? ጨዋ ቤተሰብ ያሳደጋት ናት፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን የሐዘን ቤት ደጃፍ ላይ ደረሰኝ ይዤ አልቆምም ነበር። ወደ ቤት የተመለስኩት ግን እየነደድኩ ነው።

“መጥታ ነበር?” አልኩት።

“መጥታ ነበር።”

“ዝም ብለህ አሳለፍካት?”

“ለእኔ መስሎኝ ነዋ!” አለ። “ለኔ ልብ ዳግመኛ ገንዘብ ከምታባክኚ ይቅርብሽ ብዬ ነው። አንቺ እንደሁ ደህና ነሽ።”

ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ገፈፍኩት።

እንቅርቴ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ አውቃለሁ፣ አንዳንዱንም ጆሮውን ይዤ ጎትቼዋለሁ። ያን ዓመት ግን ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ። ዳገት ስወጣ ጉሮሮዬ ያፏጫል፣ ጎንበስ ስል ዓይኔ ይጨልማል። መድኑ ይታደስና እሄዳለሁ እያልኩ፣ በነጠላ እየሸፈንኩ እጠብቅ ነበር። ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ ለእኔ በእንቅርቴ ላይ የቁም ሙት ባል ተጨመረልኝ። ይህንኑ አፌን ሞልቼ ነገርኩት። “ጉሮሮዬን አርደህ አበላሃቸው! በአዋዜ እያጠቀሱ በሉት!” አልኩት። አንገቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከተዝካሩ ወዲህ ከኋላዬ ያለውን ሳይሆን እኔን ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያው አንገቴን ዳሰሰ፣ አስተነፈሰኝ፣ እንደገና ዳሰሰ። “የአየር ቧንቧውን እየተጫነው ነው። በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ ክረምቱ ሳያልፍ ቢያደርጉት ይሻላል” አለኝ። ቀጥሎ፣ “መድን አለዎት?” አለ።

“ነበረኝ” አልኩት።

በጎቹ ተበልተዋል። የኔና የሱ ጡረታ፣ መድን ከሌለን፣ ለሱ ኪኒንና ለአፋችን ብቻ ነው የሚበቃው። የሚቀጥለው ጥር ደግሞ ከክረምቱ ማዶ ነው። እሱ በረንዳው ላይ ሆኖ የኔን ፉጨት ያዳምጣል። ውኃ ይዤ ከጓሮ ስወጣ፣ ምድጃው ላይ ጎንበስ ስል፣ ጆሮው ወደኔ ነው። እንደ ድሮው የመኪና ድምፅ ያዳምጠኛል። ሞትን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በሰው ሞት ሲደነግጥ አየሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ይደንግጥ አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የጽድ ዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ። ከተዝካሩ ወዲህ ሄዶ አያውቅም፤ ያን ቀን ዱላውን ይዞ ሄደ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሜያለሁ። መሐል ገባና፣ “ተዝካሬን አልበላሁም የሚል አለ?” አላቸው። ሰዉ ተያየ። “እንግዲያው ሞቻለሁ። የቀብሬን ገንዘብ አሁን ስጡኝ። የእውነት የሞትኩ ቀን ጥሩምባ አትንፉልኝ፣ ድንኳን አትትከሉልኝ። ዛሬውኑ ስሜን ሰርዙ” አለ።

እኛ ዘንድ ሰው የሚከፍለው፣ የሚሰበሰበው፣ የሌላውን ቀብር ሮጦ የሚቀብረው ለዚያች ጥሩምባ ነው። የሱን ግን ለምን እንደሸጣት ማንም አልጠየቀውም። ፉጨቴ ከሴቶቹ መሐል ይሰማ ነበር።

“ነገ ሁሉም እየተነሣ በቁሜ ሞቻለሁ ቢልስ?” አለ አንዱ ጎልማሳ።

“ተዝካሩን ያበላ ይበለዋ!” አለው ባሌ።

የእድሩ ዳኛ አዛውንት ናቸው፤ ጢማቸውን አሻሹ። “ሕጋችን ይታወቃል” አሉ። “የእድር ገንዘብ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ድንኳን ተተክሎ፣ ተለቅሶ ነው። ሳይለቀስ ተሰጥቶ አያውቅም።”

“እንግዲያው አልቅሱ” አለ።

አለቀሱ። በሳምንቱ የእድሩን ድንኳን ደጃችን ላይ ተከሉ፣ አግዳሚውን ደረደሩ። እኔን የሐዘንተኛ ቦታ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሱ ጓዳ ገባ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ አፍሮ መሬት መሬት ያያል፤ ከወጣቶቹ ሳቁን የሚያፍንም አለ። ከዚያ አንዲት ባልቴት ደረቷን ይዛ ስለመንገዱ፣ ስለመኪናው፣ በብርድ ወላድ ጭኖ ስላደረሰው ስለሱ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። እኔም ላለቅስ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። እሱን ሲሰሙ ሁሉም አንድ ላይ ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከጓዳው የሰው ልቅሶ ተሰማ።

ዳኛው ገንዘቡን በእጄ አስያዙኝ። “እግዚአብሔር ያጽናሽ” አሉኝ፤ ሌላ የሚባል ነገር የላቸውም።

ደብረ ብርሃን የሄድን ዕለት እንጨት ፈላጩ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ካፖርቷን አወለቀና፣ “መንገዱ ብርድ ነው ጋሼ፣ ለብሰው ይመለሱ” አለው። ለበሳት። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬኑን እየደጋገመ ይረግጣል። ባሌ መቀመጫው ላይ ተቁነጠነጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልቻለም። “አንተ ልጅ! ፍሬን አታቃጥል፣ በማርሽ ውረድ!” ብሎ አውቶቡሱን በጩኸት አናጋው። ተሳፋሪው ዞሮ አየን። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ያ የማውቀው ጩኸት ነበር።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ስነቃ ካፖርቷን ለብሶ አጠገቤ ተቀምጧል። ትንፋሼ ያለ ፉጨት፣ ዝም ብሎ ገባና ወጣ። ልናገር ስል ግን የወጣው ሹክሹክታ ነው። ሐኪሟ ድምፄ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገሩን። ዕድሜ ልኬን ክፍል ሙሉ ሕፃን በአንድ ጩኸት ጸጥ ያሰኘሁ ሴት ነኝ። እሱ እጄን ይዞ፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ዝም በይ ስልሽ በጄ ብትይኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ባልመጣ” አለኝ። መታሁት። አልተመለሰም ድምፄ።

ካፖርቷን ለእንጨት ፈላጩ መለሰ፤ ራሱ ግን ወደ ሙታኑ አልተመለሰም። ጣሪያውን አስጠገነ፣ ሬዲዮኑ ላይ እንደገና ጮኸ፣ ኪኒኑንም ሳልገተርበት ዋጠ። በሚቀጥለው ጥር ሰብሳቢዋ ከሰፈሩ ሁሉ አስቀድማ እኛ ቤት መጣች፤ ዓይኑን ማየት አፍራለች። ሙዳዩን ራሱ ከፈተና መዋጮውን ሰጣት። “ደህና አድርገሽ ጻፊ” አላት፣ “ሁለታችንም አለን።”

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ እኔ በሶ እበጠብጥለታለሁ። መድኑ ተከፍሏል፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ መጥቷል፣ የጎደለብን ነገር አልነበረም። በሶውን ይዤ ስወጣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ጠራሁት። ጽዋውን መሬት አስቀመጥኩና ፊቱን ዳሰስኩት። ሮጬ ወደ በሩ ወጣሁና “ኡኡ!” አልኩ፤ ከጉሮሮዬ የወጣውን እኔ ራሴ በቅጡ አልሰማሁትም። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ጥሩምባ እንደማይነፋ አስታወስኩ። ተመለስኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን በጋቢው ሸፈንኩለት።

“የዛሬው የእውነት ነው?” አልኩት።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ በር ሲከፈት ሰማሁ። “ነፍሳቸውን ይማርና ጋሼ እንዴት አደሩ?” አለች፣ እንደ ሁልጊዜው ሳቅ እያለች።

እሱ እንዲመልስላት ጠበቅኩ። ከዚያ እኔ “አሜን” አልኳት። ድምፄ አጥሩን አልተሻገረም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀች።